ውሻችሁ ዓይኑ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ማርቆስ ዳር ባለው ግቢያችን ነብሮ የምንለው ውሻ አለን። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሞፈር በግንባሩ ሲገጭ ያዩት ጎረቤታችን «ይህ ውሻ አብዷል፤ ሳይነክስ ግደሉት!» አሉ። አላበደም፤ ዓይኑ ጠፍቶ ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ውሻ ያስገድላልና ከእሱ ልጀምር።

ይጋጫል፣ ይደናበራል፤ አብዶ ይሆን?

ዓይኑ ብቻ የጠፋ ውሻ ድምፃችሁን ሲሰማ ጆሮውን ያቆማል፣ ጭራውን ይቆላል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ግን ጠባዩ ይለወጣል፤ ያለ ምክንያት ይናከሳል ወይም ይደበቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ድምፁ ይቀየራል፣ እግሩ ይከዳዋል። ከተጠራጠራችሁ ሳትነኩት ለብቻው ዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

ማየት አለማየቱን ለመለየት ጥጥ ከፊቱ ጣል አድርጉ። ጥጥ ሲወድቅ ድምፅ የለውም፤ የሚያይ ውሻ በዓይኑ ይከተለዋል። ነብሮ ጥጡ አፍንጫው ላይ እስኪያርፍ ፍንክች አላለም። እጅ ማወዛወዝ ግን ያሳስታል፣ ነፋሱ ይሰማዋልና።

ቀን ደህና ነው፣ ሲመሽ ይጋጫል

ነብሮንም የጀመረው እንዲህ ነው። ማታ ከበሩ አልወጣ ሲል ሰነፈ ብለን ነበር። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን (ሬቲና) ቀስ በቀስ መሞቱ ነው፤ በዘር የሚመጣው ዓይነት መድኃኒት የለውም፣ ሕመምም የለውም። ደጅ ላይ አምፖል አብሩለት። የቀረው ብርሃን ሳያልቅ «ቁም»፣ «ቀስ»፣ «ውጣ»፣ «ውረድ» የሚሉትን አስተምሩት።

ዓይኑ ነጣ

ዕድሜው 7 ዓመት ካለፈ በኋላ ብሌኑን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭጋግ ቢይዘው አብዛኛውን ጊዜ እርጅና ነው፤ ከማየት አያግደውም። እንደ ወተት ከነጣ የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ጥገና ይወጣል እንጂ በጠብታ አይጠፋም። ውሃ እያበዛ፣ እየከሳ ዓይኑ ፈጥኖ የነጣ ከሆነ የስኳር በሽታ ይመርመር። ጨውም ሆነ የቅጠል ጭማቂ እባካችሁ ዓይኑ ውስጥ አትጨምሩ።

ዓይኑ ቀላ፣ አበጠ፣ ይጨፍነዋል

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ከሆነ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ጥቂት ቀን ከዘገየም ብርሃኑ አይመለስም።

ሲነኩት ይናከሳል

ደንግጦ ነው። ስሙን ጥሩ፣ መሬቱን ረገጥ ረገጥ አድርጉ፣ እጃችሁን ያሽት፤ ከዚያ ዳብሱት። ልጆች ይህን ሳይለምዱ ብቻቸውን አይቅረቡት።

በለመደው ግቢ ይጠፋል

ነብሮ ግቢውን በልቡ ይዞ ነው የሚሄድበት። ከውሃው ሳህን እስከ በረቱ በር ያለውን መንገድ አይስተውም። ሞፈሩን ያለ ቦታው ያቆምነው እኛ ነን፤ ያን ቀን የተጋጨውም በእኛ ጥፋት ነው። አሁን ሞፈርና ቀንበር ከበረቱ ጀርባ ብቻ ይቀመጣሉ፣ የጠላ ጋን ታጥቦ ደጅ ላይ አይደፋም፣ የሚበላበትና የሚጠጣበት ቦታ አይቀየርም። የውሃ ጉድጓዱን በአጣና አጥረነዋል፤ ጉድጓድ ካላችሁ ከሁሉ ይህን አስቀድሙ።

ከደረጃው ሥር አሮጌ ጆንያ ዘረጋን። መጀመሪያ ቀን ጆንያውን አሸተተው፤ አንድ እግሩን አንስቶ አየር ላይ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ደረጃውን ዳሰሰና ወጣ። አሁን ጆንያውን ሲረግጥ ደረጃው መድረሱን ያውቃል።

ሲዘንብ ደርቆ ይቆማል

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጆሮው አይሠራለትም፣ ጎርፉም የሚያውቀውን ሽታ ያጥብበታል። በሐምሌ ዝናብ መሐል ግቢው ላይ ቆሞ ስንጠራው ከየት እንደሆነ ጠፍቶት አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያዞር ማየት አንጀት ይበላል። ጩኸት አይጠቅመውም። ሄጄ እጄን አፍንጫው ሥር አደርጋለሁ፤ ሲያውቀኝ በአንገቱ ገመድ ቀስ ብዬ እመራዋለሁ። አሁንማ ደመናው ከጮቄ ተራራ በኩል ሲጠቁር ዝናቡ ሳይደርስ አስገባዋለሁ።