ስትሪት ትሪፕል አርኤስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዙ ሞተር ሳይክል አምራች ትሪያምፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ያደሰው ስትሪት ትሪፕል 765 የተባለው ሞተር ሳይክል አር እና አርኤስ በሚባሉ ዓይነቶች የቀረበ ሲሆን፣ ከሁለቱ ይበልጥ ስፖርታዊ የሆነው አርኤስ ነው። የመጀመሪያው ስህተት አርኤስን በፈረስ ጉልበቱ ብቻ መዝኖ መግዛት ነው። አር 120፣ አርኤስ ደግሞ 130 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ሆኖም የሁለቱም ከፍተኛ ቶርክ (የማዞር ኃይል) በደቂቃ 9,500 ዙር ላይ 80 ኒውተን ሜትር ስለሆነና አርኤስ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 12,000 ዙር ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ በከተማ ውስጥ ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም። ለአርኤስ የሚጨመረው ገንዘብ በዋናነት የሚከፈለው ለኋላው የኦሊንስ ሾክ አብዞርበር (የመንገዱን ንዝረት ለሚያለዝበው ክፍል)፣ ለብሬምቦ ስታይሌማ ፍሬንና ለጎማው ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህን ሾክ አብዞርበር ከፋብሪካ እንደወጣ መተው ነው። 60 ኪሎ የሚመዝንና 95 ኪሎ የሚመዝን አሽከርካሪ በአንድ ዓይነት የሾክ አብዞርበር አቋም ሊስማሙ አይችሉም። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ ሲንጠለጠል፣ ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ሥር ባለ ቋሚ ምልክት ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያም የመንጃ ልብስዎንና ሄልሜትዎን አድርገው ሲቀመጡ ሌላ ሰው በድጋሚ ይለካልዎ። ለመንገድ ልዩነቱ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ ከበለጠ የሾክ አብዞርበሩን ሞላ ማጥበቅ፣ ካነሰ ማላላት ያስፈልጋል። እስከ መጨረሻው ጠብቆም ልዩነቱ ካልቀነሰ፣ መለወጥ ያለበት ሞላው ራሱ ነው። የመጨመቂያና የመመለሻ ፍጥነቱን የሚወስኑት ብሎኖች የሚነኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው አቋማቸው ተጽፎ ከተያዘ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ።

ሦስተኛው ስህተት አብሮት በሚመጣው ፒሬሊ ሱፐርኮርሳ ጎማ በማንኛውም አየር መተማመን ነው። ይህ ጎማ መንገድ የሚይዘው ሲሞቅ ነው፤ ጥርሱ ጥቂት በመሆኑም ውኃን በሚገባ አያስወጣም። የዝናብ አነዳድ ምርጫ የሞተሩን ኃይል ያለዝባል እንጂ ጎማውን አያሞቀውም። ዓመቱን ሙሉ በብርድና በዝናብ የሚነዳ ሰው ለመንገድ የተሠራ ስፖርታዊ ጎማ ቢያስገጥም፣ በእኔ አስተያየት ሞተር ሳይክሉን አላዋረደውም።

መቀመጫው 836 ሚሊ ሜትር ከፍታ ስላለው እግራቸው በደንብ መሬት የማይደርስ ሰዎች የኋላውን ክፍል ዝቅ ማስደረግ ያምራቸዋል። ይህ ግን የፊቱን ሹካ ዝንባሌ ስለሚያሰፋ መሪው ወደ ኩርባ የሚገባበትን ቅልጥፍና ይቀንሳል፤ ዝቅ ያለውን መቀመጫ ማስገጠም ይሻላል።