በሐዋሳ ዜማ ደራሲነትንና የሙዚቃ መምህርነትን አጣምሮ ለመሥራት

ሐዋሳ ላይ ዜማ በመድረስ ብቻ እተዳደራለሁ ማለት፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ አያዋጣም። የቤት ኪራዩንና ቀለቡን የሚሸፍነው ማስተማር ነው። ሆኖም ማስተማሩን እንደ ግዴታ፣ ድርሰቱን ብቻ እንደ ቁም ነገር ከመቁጠር ይልቅ፣ ተማሪዎችዎን የሥራዎችዎ የመጀመሪያ ተጫዋቾች አድርገው ቢያዩ ሁለቱም ይቃናሉ።

መደበኛ ሥልጠና ለሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቀዳሚው አማራጭ ነው፤ የትምህርት ቤቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደም ደራሲ፣ መምህርና ተመራማሪ ስለነበሩ ሙያዎቹን ማጣመር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በግል ለማስተማር ግን ከዲፕሎማው ይልቅ የሚፈተነው ጆሮዎ ነው።

ስለዚህ በአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች)፣ ማለትም በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺሆዬ ይጀምሩ። በኪቦርድ ከዶ ሲነሡ ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ተማሪው ጣቱን ቁልፉ ላይ ከማሳረፉ በፊት ቅኝቱን በድምፁ ያዚመው፤ ድምፁ ያልያዘውን ጣቱ ቢጫወተው ትርጉም የለውም። ኪቦርድ ድምፆቹን በእኩል ርቀት ስለሚከፍል በጆሮ ከተቃኘ ክራር ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥምም አስቀድመው ይንገሩት፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱን የሚያስቀጥለውም ክራሩ ነው።

ድርሰቱን በእጅዎ ላሉት መሣሪያዎች ይጻፉ። ክራር አስቀድሞ በአንድ ቅኝት ስለሚቃኝ በዜማው መካከል ቅኝት ከቀየሩ ተጫዋቹ ክሮቹን እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል፤ ስለዚህ ለውጡን ሌላ መሣሪያ ብቻውን በሚጫወትበት ክፍል ላይ ያድርጉት ወይም ሁለተኛ ክራር ያዘጋጁ። እያንዳንዱ ዋሽንት የራሱ መነሻ ድምፅ ስላለው፣ ተማሪው የያዘው የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ኖታ አይጻፉለት። ለልጆች መዝሙር ከአንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ካለው ርቀት) ብዙ አይራቁ፤ ከፍ ያለው ድምፅ ለደራሲው ቢያምርም ልጁን ያስጮኸዋል።

ሐዋሳ መኖር ለደራሲ ትልቅ ዕድል ነው። በዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምባላላ በከተማዋ በሚገኘው የጉዱማሌ አደባባይ ሲከበር፣ በበዓሉ በኅብረት የሚዜመውን ቄጣላን በቅርብ መስማት የሲዳማን ዜማ ከቅጂ ከመማር እጅግ ይሻላል። የድግግሞሹን አወራረድ፣ መሪው ሲያዜም ተቀባዮቹ የሚገቡበትን ቦታ ያጥኑ፤ ዜማውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችንም ይጠይቁ። ከዚያ ወስደው ለመድረክ ሲያዘጋጁት ግን «ድርሰት» ብለው በስምዎ አያስመዝግቡት፤ «የሕዝብ ዜማ» ብለው የራስዎን ድርሻ ቅንብሩ ላይ ይጥቀሱ።

ስለ ክፍያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የትምህርቱን ክፍያ በወሩ መጀመሪያ ይቀበሉ፤ ተማሪው በቀረበት ቀን ምን እንደሚሆንም ከወላጁ ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

ድርሰት ላይ ያለው ውል ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ሲሆኑ፣ አንድ ሰው ሦስቱንም ሠርቶ ለአንዱ ብቻ የሚከፈልበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ስለዚህ የትኛውን እንደሸጡ፣ ለምን ያህል ጊዜና ለምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት (ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት) በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል፤ በዛሬ ችግር ተገፋፍተው በጥቂት ብር የሚያስተላልፉት መብት የልጆችዎም ሊሆን የሚችል ነው። ክርክር ቢነሣ ማስረጃ እንዲሆንዎ፣ እያንዳንዱን ዜማ ለዘፋኝ ከማሰማትዎ በፊት በስልክዎ ይቅረጹት፣ ኖታውን ከነቀኑ ይጻፉና ቅጂውን ከስልክዎ ውጭ ያስቀምጡ።