«ጌሙ ካደኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ የፑዮ ፑዮና የዘመዶቹ ችግርና መፍትሄ

ፑዮ ፑዮ ከላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወርዱ ባለቀለም ኳሶችን (ፑዮዎችን) እየደረደሩ ከተጋጣሚ ጋር የሚፋለሙበት ጌም ነው፤ አንዱ ፍንዳታ ሌላውን ሲያስከትል ሰንሰለት ይባላል፣ ለተጋጣሚም ቆሻሻ ይልካል። ደብረ ብርሃን ጌም ቤት ውስጥ ተሸንፎ የሚነሳ ሰው ጆይስቲኩን ለቀጣዩ ሲያቀብል ሰበቡ ከሦስት አንዱ ነው፦ «ቁልፉ አልታዘዝ አለኝ»፣ «ሰንሰለቱ ተቆረጠብኝ»፣ «ገጸ ባህሪው አይረባም»። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው አይሆንም። ጆይስቲክ መቀየር የተበላሸ የፑዮ አደራደርን አያቃናም፣ ገጸ ባህሪ መቀየርም የሚዘገይ ቴሌቪዥንን አያፈጥንም። ከታች ያለው በተለይ ለፑዮ ፑዮ ቻምፒየንስ (2019)፣ ለፑዮ ፑዮ ቴትሪስ 2 (2020) እና ለአሮጌው ሱፐር ፐዝል ፋይተር 2 ተርቦ (1996) ነው።

ቁልፍ ተጭናችሁ ብሎኩ ሲዘገይ

መጀመሪያ ለዩ። ኢንተርኔቱን ዝጉና በዚያው ቴሌቪዥን፣ በዚያው ጆይስቲክ ብቻችሁን ተጫወቱ። መዘግየቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው፤ ካልጠፋ ቴሌቪዥኑን ወይም ጆይስቲኩን ጠርጥሩ።

ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል የሚቆየው 16.7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን አሳምራለሁ ብሎ ጥቂት ምስሎችን ይዞ ያቆያል። ድራማ ለሚያይ ሰው ይህ አይታወቅም፤ ፑዮ ላይ ግን ጥንዱ አንድ ዓምድ አልፎ እንዲቀመጥ ይበቃል። ሴቲንግ ገብታችሁ ፒክቸር ሞዱን ወደ ጌም ቀይሩት፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም አማራጭ አጥፉት። አንዳንድ ቴሌቪዥን ይህን ለየኤችዲኤምአይ መሰኪያው ለብቻ ነው የሚይዘው። ያስተካከላችሁት ኤችዲኤምአይ 1ን ሆኖ ኮንሶሉ 2 ላይ ከተሰካ ምንም አልሰራችሁም።

ብሎኩ ሳትነኩት ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ከሆነ አናሎጉ አልቋል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ፈጣኑ መፍትሄ አናሎጉን ትቶ በመስቀሉ ቀስት መጫወት ነው፤ ለዚህ ጌም እንዲያውም ትክክለኛው እሱ ነው። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ጆይስቲኩን አጥፉ፣ ጥጥ በአልኮል ጠብ አድርጋችሁ የአናሎጉን ዙሪያ ጥረጉ፣ እያዞራችሁም አንቀሳቅሱት። ለእጅ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ ስላለበት በደንብ ሳይደርቅ አታብሩት። በቴትሪስ ወገን የምትጫወቱ ደግሞ አውራ ጣታችሁን ልብ በሉ፦ ግራ ወይም ቀኝ ስትጫኑ ጣት ወደ ላይ ከተንሸራተተ ብሎኩ ካለበት ቀጥ ብሎ ይወድቃል። ያ የጌሙ ስህተት አይደለም፤ የላይ ቀስት ሥራው እሱ ነው።

መዘግየቱ ኦንላይን ብቻ ከሆነ በስልክ ሆትስፖት መሆናችሁን፣ በዚያው ኔትወርክ ሌላ ሰው ቪዲዮ እያወረደ መሆኑን እዩ። ራውተር ካለ ኮንሶሉን በኬብል አገናኙ። ካልሆነ ደረጃ በሚቆጠርበት ግጥሚያ አትግቡ።

አየሩም ድርሻ አለው። ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ማታ ማታ ጣት ይደርቃል፤ ሁለት ጊዜ መጫን የሚጠይቀው ማዞሪያ መጀመሪያ የሚከዳው ያኔ ነው። ተራ እስኪደርስ እጅን ጋቢ ውስጥ ማቆየት ቀልድ አይደለም። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ላይ ችግሩ ይገለበጣል፦ ላፕቶፑ ይግልና ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ጌሙም ይጎተታል። ከስሩ አየር እንዲገባ በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉት፣ አልጋ ላይ አታስቀምጡት፣ ባትሪ ቆጣቢ ሞዱንም አጥፉ።

ገጸ ባህሪ ቀየርኩ፣ ምንም አልተቀየረም

ምክንያቱ የመረጣችሁት ሕግ ነው። ቻምፒየንስ ሁለት ሕግ አለው፦ ጹ እና ፊቨር። በጹ ሕግ ገጸ ባህሪ ፊትና ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁሉም የሚደርሰው ሁለት ሁለት ፑዮ ነው። በፊቨር ግን እያንዳንዱ ገጸ ባህሪ የራሱ የአወራረድ ቅደም ተከተል አለው፦ ጥንድ፣ ሦስት፣ አራት ያለው፣ በ16 ተራ አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው የሚጀምር። ትልልቅ ቁራጭ እያስቸገራችሁ ከሆነ ጥንድ የሚበዛለትን ምረጡ። ጠንካራ ነው የተባለለትን ገጸ ባህሪ ይዞ ቦርዱን በአራት አራት ከመድፈን ይሻላል።

ሰንሰለቱ መሃል ላይ ሲቆም

ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይህ ነው፣ መነሻውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሰንሰለቱ ከመተኮሱ (ከመነሳቱ) ብዙ በፊት የተሠራ ስህተት ነው። ቦርዱ 6 ዓምድ በ12 ረድፍ ነው፤ አራት አንድ ዓይነት ቀለም በጎን ወይም በቁመት ሲነካካ ይፈነዳል፣ በማዕዘን መነካካት አይቆጠርም። ቀላሉን እንደ ደረጃ የሚደረደር አሠራር እንይ። ቀ ቀይ፣ አ አረንጓዴ፣ ሰ ሰማያዊ፣ ቢ ቢጫ ነው፤ ሰረዙ ባዶ ቦታ፦

– ሰ ቢ – – –
ቀ አ ሰ ቢ – –
ቀ አ ሰ ቢ – –
ቀ አ ሰ ቢ – –

አሁን ቀይና አረንጓዴ ያለበት ጥንድ ሲመጣ ቀዩን ከታች፣ አረንጓዴውን ከላይ አድርጋችሁ አንደኛው ዓምድ ላይ ጣሉ። አራቱ ቀይ ይፈነዳሉ፣ አረንጓዴው ወደ ወለሉ ወርዶ ሦስቱን አረንጓዴ ይነካል፤ እነሱ ሲጠፉ ከላያቸው ያለው ሰማያዊ ይወርዳል፣ ከዚያ ቢጫው። በ16 ፑዮ አራት ሰንሰለት።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ጥንዱ ተገልብጦ መግባቱ ነው፦ አረንጓዴው ከታች ከሆነ ቀዩን ከቀዩ ይለየዋል፣ ምንም አይፈነዳም። ጥንዱን ገና ላይ እያለ አዙሩት። ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ አልዞር ካለ ማዞሪያውን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫኑ፣ ይገለበጣል።

ሁለተኛው የተረሳ ፑዮ ነው። አራተኛው ዓምድ ስር አንድ ሌላ ቀለም ከተቀመጠ ሦስቱ ቢጫ አንድ ረድፍ ከፍ ይላሉ። ያኔ ሦስተኛው ዓምድ አናት ላይ ቢጫ ስትጥሉ ከጎኑ ካለው ቢጫ ጋር ይገናኝና ያለ ጊዜው ይፈነዳል። ብዙ ሰው «በራሱ ፈነዳ» የሚለው ይህን ነው። መድኃኒቱ ትርፉን ቀለም አምስተኛና ስድስተኛ ዓምድ ላይ መጣል ነው፤ እነሱ ክፍት የሆኑት ለዚያ ነው።

ሦስተኛው ከላይ ከማይታየው ረድፍ ይመጣል። ከ12ኛው ረድፍ በላይ የተደበቀ 13ኛ ረድፍ አለ፤ እዚያ ያለ ፑዮ ቀለሙ ቢገጥምም ከሌሎቹ ጋር አይቆጠርም። አራት ደርድሬ አልፈነዳም ካላችሁ አንዱ እዚያ ተደብቆ ይሆናል።

እያፈነዳሁ ቆሻሻ ይወርድብኛል

ቆሻሻ ማለት ተጋጣሚ ሰንሰለት ሲሠራ የሚወርድባችሁ ቀለም የሌለው ፑዮ ነው፤ እናንተ የምትልኩት መጀመሪያ የመጣባችሁን ይሰርዛል። ሂሳቡን ማወቅ ነው። በጹ ሕግ 70 ነጥብ አንድ ቆሻሻ ፑዮ ይሆናል። አራት አራት ፑዮ ብቻ ብታፈነዱ፦ አንድ ጊዜ ማፈንዳት 40 ነጥብ ነው፣ ምንም አይልክም። ሁለት ሰንሰለት 360 ነጥብ፣ 5 ቆሻሻ። ሦስት 1,000 ነጥብ፣ 14። አራት 2,280 ነጥብ፣ 32። አምስት 4,840 ነጥብ፣ 69። ከቦርዳችሁ በላይ የሚታየው፣ ሊወርድባችሁ ያለውን ቆሻሻ የሚቆጥረው ትንሹ ምልክት 1፣ ትልቁ 6፣ ቀይ ድንጋይ የሚመስለው 30 ማለት ነው። አንድ ቀይ ድንጋይ ተንጠልጥሎ ሁለት ሰንሰለት ብትተኩሱ 25 ቀርቷል፣ ይወርዳል። ሙሉ ለሙሉ የሚመልሰው አራት ሰንሰለት ነው። በአንድ ጊዜ የሚወርደው ከ30 አይበልጥም፤ የቀረው ለቀጣዩ ተራ ይቆያል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው 30 ከወረደ በኋላ አለቀ ብላችሁ አትዘናጉ። 96 ሰከንድ ሲያልፍ ደግሞ 70ው ይቀንሳል፤ ያው ሰንሰለት የበለጠ ይልካል። በረጅም ግጥሚያ ትንሽ የምትመስል ሁለት ሰንሰለት የምትገድለው ለዚህ ነው።

ቦርዱን ባዶ አድርጋችሁ ምንም ካልተላከ አትደንግጡ፦ የ30 ቆሻሻው ጉርሻ የሚሄደው በቀጣዩ ስታፈነዱ ነው።

በፊቨር ሕግ ይህ ሁሉ ቁጥር አይሠራም። እዚያ በተራው እስካፈነዳችሁ ድረስ ቆሻሻው አይወርድም፤ ስለዚህ ትንንሽ ማፈንዳትም ጊዜ ይገዛል። የመጣባችሁን በመለሳችሁ ቁጥር መለኪያው ይሞላል፣ 7 ሲሞላ ፊቨር ይገባል። እዚያ ውስጥ የሰንሰለቱ አደራደር ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ሥራችሁ መተኮሻውን ማግኘት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዓምድ ዝቅ እንዳለ ተሸነፍኩ

ይህም የፊቨር ነው። በጹ የሚገድለው ከግራ ሦስተኛው ዓምድ ብቻ ነው፤ በፊቨር ሦስተኛውም አራተኛውም ይገድላሉ። ከጹ የመጡ ሰዎች አራተኛውን መቆለያ አድርገውት ይሞታሉ።

ስኪሉ ተጭኖ አይነሳም

በፑዮ ፑዮ ቴትሪስ 2 ስኪል ባትል ሦስት ገጸ ባህሪ ይዛችሁ ትገባላችሁ፣ እያንዳንዱም የራሱ ስኪል (ልዩ ችሎታ) አለው። ስኪሉ ኤምፒ (ለስኪል የሚወጣ ጉልበት) ይበላል፤ ካልበቃ ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም። ተነስቶ ጥቅም ካልሰጠ ጊዜው ተሳስቷል፦ ኤችፒ (የቡድኑን ነፍስ) የሚመልሰውን ኤችፒ ሙሉ እያለ፣ ቦርድ የሚያጸዳውን ቦርዱ ባዶ እያለ አውጥታችሁት ይሆናል። ሦስቱንም አጥቂ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ አንዱ የሚያድን ይሁን። ስኪሉም ቡድኑም ትክክል ሆኖ ከተሸነፋችሁ የገጸ ባህሪዎቹን ደረጃ አነጻጽሩ። ከፍ ያለው ቡድን ባነሰ ሰንሰለት ይጥላል።

ፐዝል ፋይተር ላይ የላኩት ለጠላት ሲሳይ ይሆናል

እዚህ ገጸ ባህሪው በእርግጥ ወሳኝ ነው። የምትልኩት ድንጋይ የሚወርድበት የቀለም አደራደር የገጸ ባህሪው ነው፣ አይቀየርም፤ ከ5 ተራ በኋላም እንደ ሌላው የተለመደ ባለቀለም ድንጋይ ይሆናል። ዳን የሚልከው ቀይ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ተጋጣሚው አንድ ቀይ መስበሪያ (የነካውን የራሱን ቀለም የሚሰብር ቁራጭ) ይዞ ከጠበቀ ሁሉንም በአንዴ መልሶ ይልክባችኋል። ዳንን ይዞ ማሸነፍ የሚፈልግ አንድ ምርጫ አለው፦ ትንሽ ትንሽ አለመላክ፣ አጠራቅሞ አንድ ጊዜ መጨረስ። ተጋጣሚው በየ25ኛው ቁራጭ አልማዝ እንደሚያገኝም ቁጠሩ፤ አልማዙ ያረፈበትን ቀለም ከቦርዱ ሙሉ ለሙሉ ያጠፋል። ዳንን ይዛችሁ ልክ ከዚያ በፊት ከላካችሁ ቀዩን በሙሉ ያነሳለታል።

መብራት ሲዋዥቅ

ኮንሶሉ መሃል ላይ ጠፍቶ ከተነሳና ያገኛችሁት ደረጃ ከሌለ፣ የጠፋው ጌሙ እያስቀመጠ ሳለ ሊሆን ይችላል። የማስቀመጥ ምልክቱ ማዕዘን ላይ እየዞረ እያለ ወደ ሌላ ግጥሚያ አትሂዱ። ስታብላይዘር የቮልቴጅ መውረድና መውጣትን ይይዛል እንጂ ጭራሽ ሲጠፋ አያድንም፤ ለዚያ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ያስፈልጋል። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አታብሩ። ሶኬቱን ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ አምፖሉ መዋዠቁን ሲያቆም መልሳችሁ ሰኩት።