ኮሌጆች ሰፈራችን ድረስ ሲመጡ የምንሠራቸው ስህተቶች

በየዓመቱ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር የአሜሪካ ኮሌጆች የቅበላ ሠራተኞች ከስቴት ስቴት ይዞራሉ። በሃይስኩሎች፣ በሆቴል አዳራሾችና ብዙ ኮሌጆች በአንድ ቦታ በሚገናኙባቸው ኮሌጅ ፌሮች ላይ ስለ ትምህርት ቤታቸው ያስረዳሉ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ቤተሰቦች በዚህ ታድለናል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆኖ ከአዮዋ የመጣን ሰው ፊት ለፊት ማነጋገር ይቻላል። የአውሮፕላን ትኬት አያስፈልግም፤ አብዛኛው ዝግጅትም ነፃ ነው። ይህን የመሰለ ዕድል በቀላሉ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል።

ልጁ ዝም ብሎ ወላጅ ሲያወራ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። እኛ ዘንድ ጨዋ ልጅ ታላቅ ባለበት አይቀድምም። የኮሌጁ ሠራተኛ ጠረጴዛ ፊት ግን ዝምታው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። ልጁ ኮሌጁን ያልፈለገው፣ ቤተሰቡ ጎትቶ ያመጣው ይመስላል። ያ ሠራተኛ ደግሞ ብሮሹር ለማደል ብቻ የመጣ አይደለም። በብዙ ኮሌጆች አንድን አካባቢ የሚሸፍነው ሠራተኛ ቆይቶ ከዚያው አካባቢ የሚመጡትን ማመልከቻዎች ከሚያነቡት አንዱ ነው።

ስለዚህ ቤት ውስጥ ተለማመዱ። ልጃችሁ ስሙን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆነና ምን ማጥናት እንደሚፈልግ ይናገር፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እናንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ በሉ። የእናንተ ተራ ገንዘብ ሲነሳ ይደርሳል።

እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ከሆነ ጥያቄያችሁን ከልጃችሁ ጋር ቀድማችሁ በወረቀት ጻፉ። ከሃይስኩሉ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ጋር ስትገናኙ ደግሞ አስተርጓሚ ከመጠየቅ አትፈሩ። እንደ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያሉ የትምህርት ቤት ቢሮዎች በአማርኛ አገልግሎት ይሰጣሉ።

ታዋቂ ስም ብቻ ማሳደድ

ሃርቫርድ፣ ስታንፎርድ፣ ዱክ፣ ጆርጅታውንና የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ በጋራ በየከተማው የሚያዘጋጁት ዝግጅት አለ። ሂዱ፣ ጥሩ ነው። ግን የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ቅበላ የሚያገኘው ጥቂት ነው። እዚያው ሳምንት ግሪኔል ወይም ማካሌስተር የሚባል ትንሽ ኮሌጅ መጥቶ ጥቂት ሰው ብቻ ሊገኝለት ይችላል። ስማቸው አበሻ ሰፈር ስለማይታወቅ እናልፋቸዋለን። ማካሌስተር ኮፊ አናን እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቁበት ኮሌጅ ነው። ሁለቱም ኮሌጆች ለተቀበሉት የአገር ውስጥ ተማሪ፣ በኮሌጁ ስሌት ቤተሰቡ ሊከፍል የማይችለውን በሙሉ ለመሸፈን ቃል ይገባሉ። ሰው በማይበዛበት ክፍል ውስጥ ልጃችሁ በእርጋታ ያወራል።

ድረ ገጹ ላይ ያለውን መጠየቅ

«ማመልከቻው መቼ ይዘጋል?» ስልክ ላይ የሚገኝ መልስ ነው። ሰው የሚያስፈልገው ለሌላ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ ነርሲንግ የምትፈልግ ልጅ ካለቻችሁ፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በቀጥታ ነርሲንግ ውስጥ ትገባለች ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ተወዳድራ ነው? ኮምፒውተር ሳይንስና ኢንጂነሪንግም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ቦታ በሌላ ትምህርት ገብቶ በኋላ ወደዚያ መቀየር በጣም ከባድ ነው። ይህን ሳያውቅ ገብቶ ሜዳ ላይ የቀረ ልጅ ብዙ ነው።

ስለ ገንዘብ መጠየቅ ማፈር

ይሉኝታ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አይቶ «ይሄ ለእኛ አይሆንም» ብሎ መውጣትም ስህተት ነው። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ አንድ ቤተሰብ በግምት ስንት እንደሚከፍል የሚያሳይ ማስያ ድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ በሕግ ይገደዳል። ከዝግጅቱ በፊት ገቢያችሁን አስገብታችሁ ቁጥሩን እዩት። ከዚያ ጠይቁ፦ እርዳታው ለአራቱም ዓመት ነው? ልጁ ከውጭ ስኮላርሺፕ ቢያገኝ የእናንተን ትቀንሳላችሁ? ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ፎርም) ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላ ፎርም አለ?

አንድ የእኛ ጉዳይ አለ። አገር ቤት ላሉ አባትና እናት በየወሩ የምንልከው ገንዘብ ፋፍሳ ላይ የሚሞላበት ቦታ የለውም። ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በደብዳቤ ማስረዳት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ሁሉም ይቀበላል ማለት አይደለም፤ ግን ካልተናገራችሁ ማንም አያውቀውም።

ሳይመዘገቡ ገብቶ መውጣት

አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው ለኮሌጁ ያሳየውን ፍላጎት፣ ለምሳሌ ዝግጅት ላይ መገኘቱን፣ ቆጥረው ይይዛሉ። እንደ ስታንፎርድ ያሉት አይቆጥሩም። የሚቆጥሩት ዘንድ ግን ያልተመዘገበ ሰው እንዳልመጣ ነው። ምዝገባው በልጁ ኢሜይልና በልጁ ስም ይሁን። ስሙም ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት ማስረጃው) ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ በብዙ መንገድ ይጻፋል። አንዱ ጋ የአባት ስም፣ ሌላው ጋ የአያት ስም ከገባ አንድ ልጅ ሁለት ሰው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

አጠገባችን ያለውን መናቅ

ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ 30,000 ገደማ የባችለር ተማሪዎች አሉት፤ በሜትሮ ይደረሳል። አናፖሊስ ያለው ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ማመልከት ባትፈልጉም ሁለቱን አሳዩት፤ ልጁ ትልቅ ወይም ትንሽ ግቢ እንደሚስማማው ይለያል። የሁለት ዓመት ኮሌጆቹን ሞንትጎመሪ ኮሌጅንና ኖቫንም (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን) አትለፉ። ኖቫ ጀምሮ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የሚጨርስ ተማሪ አድቫንስ የሚባል የተዘጋጀ መንገድ አለው።

የሰሙትን አለመጻፍ

ልጁ እዚያው ምሽት የሰውየውን ወይም የሴትየዋን ስምና የሰማውን አንድ የተለየ ነገር ስልኩ ላይ ይጻፍ። በማግስቱ ራሱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ይላክ፤ እናንተ አትጻፉለት። ብዙ ኮሌጆች «ለምን እኛን መረጥክ?» የሚል ድርሰት ይጠይቃሉ። ስልኩ ላይ ያሰፈረው ያ ማስታወሻ ያኔ ይፈለጋል።