«ጨው ይተዉ» ከማለታችን በፊት

የደም ብዛትና የስኳር ክትትል ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። «ጨው ይቀንሱ፣ ጮማ ይተዉ፣ በእግር ይሂዱ፣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ» ብለን እናዘንባለን። ታካሚው አንገቱን እየነቀነቀ «እሺ» ይላል። መርቆን ይወጣል። በቀጠሮው ሲመጣ ግፊቱ ያው ነው።

እሺ ያለው ሁልጊዜ አምኖበት አይደለም። ጋዋን ለለበሰ ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። ውጭ ያለውን ወረፋም አይቷል። ሊያስቸግረን አይፈልግም።

ስለዚህ ምክሩን ትንሽ አቆዩት። ካርዱን ወደ ጎን አድርጉና ፈቃድ ጠይቁ። አንዲት እናት ጋር እንዲህ ይሄዳል፦

«እማማ፣ ስለ ጨው ትንሽ ብናወራ ይፈቅዱልኛል?»

«ምን ይወራል ልጄ፣ ተይ ተብያለሁ እኮ።»

«ጨው መቀነስ ለእርስዎ ምን ያህል ጉዳይ ነው? ዋጋው አሥር ብር ቢሆን፣ ስንት ብር ይሰጡታል?»

«እንግዲህ... ሦስት ብር።»

«ለምን አንድ ብር አላሉኝም?»

እዚህ ላይ ዝም በሉ። እስክሪብቶ አታንሱ፣ ስልክ አትዩ። ዝምታው ረጅም ይመስላል፣ ግን ጥቂት ሰከንድ ነው። እማማ ይህን ጊዜ ነው «እህቴን በዚሁ በሽታ ግማሽ አካሏን ያዛት። እኔ እንደሷ ሰው እጅ ላይ መውደቅ አልፈልግም» የሚሉት። ይህን እኛ ብንነግራቸው ማስፈራሪያ ነበር። ከራሳቸው አፍ ሲወጣ ግን የራሳቸው ምክንያት ነው። «ለምን አሥር አላሉም?» ብትሏቸው ኖሮ ሰበብ ይደረድሩላችሁ ነበር።

በብር መጠየቁ የእኔ ነው፤ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጡ ሲባሉ ግር የሚላቸው ትልልቅ ሰዎች ስላሉ። አካሄዱ ግን አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 መጠጥ ካስቸገራቸው ሰዎች ጋር ስለሚደረግ ውይይት ሲጽፍ ነው የተነሣው። ፍሬ ነገሩ ለመለወጥ የሚከራከረው ታካሚው ይሁን ነው። እኛ ስንከራከር እሱ ለተቃራኒው ይከራከራል።

መረጃ የምትሰጡት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የሚያውቁትን ጠይቁ፣ የጎደለውን ብቻ ሙሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። «ግራም» ብላችሁ ግን አትልፉ። የቀኑ ሁሉ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም በሏቸው። በርበሬውና ሚጥሚጣው ሲዘጋጅም ጨው ገብቶበት ሊሆን እንደሚችል አስታውሱ። ወጡን የምትሠራው ልጃቸው ከሆነች በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘዋት ይምጡ። ቤት ውስጥ ጨው የሚጨምረውን ሰው ሳያገኙ ስለ ጨው መምከር ከንቱ ድካም ነው።

ከዚያ «ከየት ቢጀምሩ ይቀልዎታል?» ብላችሁ ምርጫውን ለእሳቸው ተዉ። «ቡናዬን ያለ ጨው ልጠጣ» ካሉ ይሁን። «እሱ ብቻ ምን ያደርጋል» እንዳትሉ! መቼ እንደሚጀምሩ ጠይቁ። ሲጨርሱም «ገባዎት?» አትበሉ፤ ለሱም መልሱ እሺ ነው። «ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው ይነግሯታል?» ብትሉ የገባውና ያልገባው እዚያው ይለያል።

መጠጥ ላይ «ይጠጣሉ?» የሚል ጥያቄ አይሠራም። ጠላን ከመጠጥ የማይቆጥር ብዙ ሰው አለ። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ እያላችሁ በየስሙ ጠይቁ። ጫትና ሲጋራም እንደዚሁ፣ ያለ ግልምጫ።

ጾም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን ሊዘለው ይችላል፣ ረመዳን ላይም እንደዚያው። «የታመመ አይጾምም» ብላችሁ ስለ እምነቱ አትሟገቱ፤ ያንን የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ ቢነግሩት ይሻላል። እናንተ «በጾም ወቅት መድኃኒቱን እንዴት ነው የሚወስዱት?» በሉ። በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዞር ይችላል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይማከር ሰዓትም መጠንም መቀየር የለበትም። ጸበል የሚሄዱትንም መድኃኒቱን ይዘው እንዲሄዱ ጠይቋቸው። ተደብቀው ከሚያቋርጡት፣ ነግረውን ቢሄዱ ይሻላል።

ይህ ሁሉ በዚያ ወረፋ መቼ ይደረሳል ትሉ ይሆናል። በአንድ ቀጠሮ አንድ ጉዳይ ብቻ አንሡ፤ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የተስማማችሁበትን በታካሚው አነጋገር ካርዱ ላይ ጻፉት፦ «ቡና ያለ ጨው፣ ከሰኞ ጀምሮ»። በሚቀጥለው ጊዜ ተረኛው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ግፊት ከመለካቱ በፊት «ቡናውስ እንዴት ሆነልዎት?» ብሎ ይጀምራል።