ያቺን ብሎን አትንኳት፦ በቱርቦ መኪኖች ሚኒሞ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጥቶ፣ አዳማ መውጫ የክፍያ ጣቢያው ላይ ሞተሩ ሦስት ጊዜ ጠፍቶበት፣ ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ጥሩንባ እየነፋበት፣ ላብ በላብ ሆኖ ጋራዣችን ደረሰ። መኪናው ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚጭን መሣሪያ) ያለው ሱባሩ ነው። ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር በትልቅ ተቀይሯል፣ የጭስ መውጫው ሰፍቷል፣ የአየር ማጣሪያውም ሌላ ነው። ኮፈኑን ስከፍት መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ትሮትሉ (ፔዳሉ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) ላይ ባለችው ትንሽ የማቆሚያ ብሎን ላይ ነበር። ከፋብሪካ የተቀባችው ቀለም ተልጧል፣ ራሷም በካቻቢቴ ተበልቷል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ እሷ ናት።

ብሎኗን ማዞር

ሞተር ፔዳሉ ሳይረገጥ በራሱ የሚዞርበት ፍጥነት፣ እኛ ሚኒሞ የምንለው፣ ሲወርድ ወይም ሲንቀጠቀጥ የብዙ መካኒክ እጅ ቀጥታ ወደዚህች ብሎን ይሄዳል። በካርቡራቶር ዘመን ይህ ትክክል ነበር። እኔም ሙያውን የተማርኩት በዚያ መንገድ ነው፣ ያስተማሩኝንም አከብራለሁ። ቤንዚኑ በኮምፒውተር ትእዛዝ በሚረጭበት በኢንጀክሽን ሞተር ላይ ግን ብሎኗ ሚኒሞ ማስተካከያ አይደለችም፤ የትሮትሉ ክዳን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ግድግዳውን እንዳይነክስ የተቀመጠች ማቆሚያ ናት። ሚኒሞውን የሚይዘው ኮምፒውተሩ ነው። በሚኒሞ ቫልቩ በኩል አየር ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፣ የካንዴላውን እሳት ያስቀድማል ወይም ያዘገያል። ይህን ሥራ የሚጀምረው ደግሞ የትሮትል ሴንሰሩ «ተዘግቻለሁ» ሲለው ነው።

ብሎኗ ስትዞር ሴንሰሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ እግራችሁ አሁንም ፔዳሉ ላይ ያለ ይመስለዋል። ሚኒሞ መቆጣጠሩን ይተዋል፤ ቁልቁለት ላይ እግር ሲነሳ ቤንዚን መቁረጡንም ይተዋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ባለቤቱ ወደ ሁለተኛ ጋራዥ ይሄዳል፣ እዚያም ብሎኗን በሌላ አቅጣጫ ያዞሯታል። ወደ ሦስተኛው ሲደርስ የመጀመሪያው በሽታ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው የለም፤ መኪናው ሁለት በሽታ ይዟል፣ አንደኛው እኛው የሰጠነው ነው። እለምናችኋለሁ፣ ሚኒሞ የሚወርድበት ምክንያት ሳይታወቅ ማንም ይህችን ብሎን እንዲነካ አትፍቀዱ። ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የተገጠመለት ሞተር በእርግጥ ከፍ ያለ ሚኒሞ ይፈልግ ይሆናል፤ እሱ የሚስተካከለው በኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ለድምፅ ሲባል አየር ወደ ውጭ መልቀቅ

የሱባሩው ትክክለኛ በሽታ ይህ ነበር። ማርሽ ሲቀየር «ጭሽ» የሚል ድምፅ ለማግኘት ብሎው ኦፍ ቫልቩን (ትሮትሉ ሲዘጋ የታመቀውን አየር የሚለቀውን) ወደ ውጭ በሚተነፍስ ዓይነት ቀይሮታል። ድምፁ ደስ ይላል፣ አልክድም። ነገር ግን የዚህ መኪና ኮምፒውተር አየር የሚቆጥረው ማጣሪያው አጠገብ ባለ ሴንሰር ነው። አንድ ጊዜ ያለፈ አየር ሁሉ ሲሊንደር ይገባል ብሎ የሚበቃውን ቤንዚን ይረጫል። ባለመኪናው በፍጥነት መጥቶ ክፍያ ጣቢያው ጋ እግሩን አንስቶ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ቫልቩ ያንን የተቆጠረ አየር ወደ ሜዳ ይተፋዋል። አየሩ ሄደ፣ ቤንዚኑ ቀረ፣ ሞተሩ ታፍኖ ጠፋ።

ከዚህ የባሰም አለ። የብዙዎቹ ርካሽ ቫልቮች ሞላ ሰነፍ ስለሆነ በሚኒሞ ጊዜ ገርበብ ብለው ይቆያሉ። ያኔ አየር የሚሳበው በማጣሪያው ሳይሆን በቫልቩ በኩል ነው። የአዳማን ነፋስና አቧራ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ያ አቧራ ቱርቦውንና የፒስተኑን ፋሻ ይበላል።

መድኃኒቱ የቫልቩን መውጫ በቱቦ ወደ ቦታው፣ በሴንሰሩና በቱርቦው መካከል፣ መመለስ ነው። መኪናችሁ አየር የሚቆጥረው በማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት ሴንሰር ከሆነ ይህ ችግር አይነካችሁም፤ የተፋውን አየር ቀድሞ አልቆጠረውምና። ስለዚህ ቫልቭ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። ጓደኛ መኪና ላይ ሠርቷል ማለት በእናንተ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም።

ፍንጥቅን በዓይን መፈለግ

ቱርቦ ያለው መኪና ከማጣሪያው እስከ ማኒፎልዱ ድረስ የቱቦ፣ የመጋጠሚያና የማሰሪያ መዓት አለው። መኪናው በተሻሻለ ቁጥር መጋጠሚያው ይበዛል። አንዲት የቀጭን ቱቦ ስንጥቅ ሚኒሞውን ከፍ ዝቅ ስታደርገው ትውላለች፤ ሞተሩ ቆሞ ስታዩዋት ግን ተዘግታ ነው የምታገኟት። ስለዚህ በዓይን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ከአየር ሴንሰሩ በኋላ ያለውን አፍ በልኩ በተቆረጠ የውሃ ቧንቧ ክዳን ዝጉት፣ የጎማ መንፊያ ቫልቭ ግጠሙበት፣ ከኮምፕሬሰሩ ግፊቱን በመቆጣጠሪያ ቀንሳችሁ ከ0.7 እስከ 1 ባር አስገቡ። ከዚያ ሳሙና ውሃ እየረጫችሁ ጆሯችሁን አቅርቡ። ከዘይት መሙያው በኩል ኃይለኛ የአየር ድምፅ ከሰማችሁ የክራንክ ቤት መተንፈሻ ቫልቩን ፈትሹ፤ ተከፍቶ የቀረ መተንፈሻ ቫልቭ ሚኒሞን ከሚያበላሹት ዋነኞቹ አንዱ ሆኖ ሳለ ማንም አያስታውሰውም።

ሞተሩ እየሠራ ቤንዚን በሲሪንጅ እየረጩ ፍንጥቅ የሚፈልጉ ሰዎች አይቻለሁ። ከጋለ ቱርቦ አጠገብ! ይህን የሚያደርግ ሰው ካያችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መምጣት

ብዙ ወጣቶች መኪናውን ከማምጣታቸው በፊት «ሪሴት» ለማድረግ ባትሪውን ይነቅላሉ። በዚህ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ኮምፒውተሩ ለሳምንታት ቤንዚን በስንት በመቶ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ እንደቆየ መዝግቦ ነበር። ያ ቁጥር 10 በመቶ ከዘለለ ወዴት መፈለግ እንዳለብኝ በግማሽ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። ካጠፋችሁት በኋላ ሚኒሞውም እንደገና እስኪለምድ ጥቂት ጊዜ ይረበሻል፣ እናንተም አዲስ ብልሽት የመጣ ይመስላችኋል።

ትልቅ ኢንጀክተር በአሮጌ ቁጥር

ቤንዚኑን የሚረጨው ኢንጀክተር መብራት እንደደረሰው ወዲያው አይከፈትም፤ ወደ አንድ ሺኛ ሰከንድ የሚጠጋ መዘግየት አለው፣ የኤሌክትሪኩ ቮልት ሲወርድም መዘግየቱ ይረዝማል። ሞተሩ በፍጥነት ሲሠራ ይህ አይታወቅም። በሚኒሞ ግን ትልቅ ኢንጀክተር የሚከፈትበት ጊዜ ራሱ እጅግ አጭር ስለሆነ የመዘግየቱ ቁጥር ትንሽ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይዛባል። ምልክቱን ላሳያችሁ፦ ቀን ደህና የነበረ መኪና ማታ የፊት መብራትና የራዲያተር ማራገቢያው አንድ ላይ ሲበሩ ይንቀጠቀጣል። ሻጩ የመዘግየት ሠንጠረዥ ካልሰጣችሁ አትግዙ። በዚሁ አጋጣሚ ዲናሞው ከ13.5 ቮልት በላይ እየሰጠ መሆኑንም ለኩ።

ትልቅ የቤንዚን ፖምፓ የገጠማችሁም ግፊቱን በሚኒሞ ለኩ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች የግፊት መቆጣጠሪያው ቀጭን ቱቦ ሲነቀል 3 ባር አካባቢ ይነበባል፣ ሲመለስ መውረድ አለበት። ካልወረደ ፖምፓው መቆጣጠሪያውን አሸንፎታል።

የቀሩት አጭር ናቸው። የአየር ሴንሰሩን በጨርቅም ሆነ በቤንዚን አትጥረጉት፤ ለእሱ የተሠራ ማጽጃ አለ። በዘይት የሚነከር ማጣሪያ ላይ ዘይት አታብዙ፣ ሴንሰሩ ላይ ይቀመጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር ካንዴላ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ሳይለካ የሚገጠም ካንዴላ አልቀበልም።

ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ ቁጥር ማመን

ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሞተር በሚኒሞ የማኒፎልድ ሳቡን (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረውን ዝቅተኛ ግፊት) ለካሁ፤ 15 ኢንች ሜርኩሪ አነበብኩ። መጽሐፉ ጤነኛ ሞተር ከ18 እስከ 21 ያሳያል ይላል። ቫልቮቹ አልዘጉም ብዬ ደመደምኩ፣ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን ራስ፣ አወረድኩ፣ ባለቤቱን ለማያስፈልግ ወጪ ዳረግኩት። ቫልቮቹ ንጹሕ ነበሩ። የመጽሐፉ ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ18 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል፣ ስለዚህ እዚህ ከ13 እስከ 16 የሚያሳይ ሞተር ጤነኛ ነው። አሰላ ስትወጡ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

በኢንተርኔት ከውጭ አገር ተልኮ የሚጫን የኮምፒውተር ፋይልም በዚሁ ምክንያት ያስቸግራል። ባሕር ዳርቻ ላይ የተስተካከለ የሚኒሞ ቫልቭ መክፈቻ እዚህ ያንሳል፣ ሞተሩ ጠዋት ተነሥቶ ወዲያው ይጠፋል። ለባለሙያው የከተማችሁን ከፍታ ሳትነግሩት ፋይል አትቀበሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ያለ ምክንያት የከፈትነውን ሞተር መተካት ቀላል አይደለም።

ቴስታታውን ላወረድኩባቸው ሰው የእጅ ዋጋዬን መልሼላቸዋለሁ። መለኪያዬ መስታወት ላይም ከ13 እስከ 16 ያለውን በአረንጓዴ ቀለም ቀብቻለሁ፤ ረዳቶቼ መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ማንበብ ነው።