ተከራይ «ሞቀን»፣ «በረደን» ሲል ከየት ይጀመራል?

ሕንጻ የምታስተዳድሩ ከሆነ ይህን አቤቱታ ታውቁታላችሁ። «ሦስተኛ ፎቅ መቀመጥ አልቻልንም፣ ኤሲው አይሠራም።» ቴክኒሻን ይመጣል፣ ይፈትሻል፣ ማሽኑ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። ተከራዩ ግን አሁንም እያላበው ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። ማሽኑ አልተበላሸም፣ የተለወጠው የክፍሉ አገልግሎት ነው።

ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም የተመረጠው ሕንጻው ሲሠራ ነው። ያኔ መጋዘን የነበረው ዛሬ ሰው የሞላበት ቢሮ ሆኗል። ልብስ ሱቅ የነበረው ጂም ሆኗል። ድሮ ቀን ቀን ባዶ ይውል የነበረ አፓርታማ ውስጥ አሁን ሁለት ሰው ቤት ሆኖ ይሠራል። የሙቀት ወራቱም በብዙ ቦታ ብሷል። ማሽኑ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ምን እንደተለወጠ ሳታውቁ አዲስ ማሽን አትግዙ። አካሄዱ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ክፍል በክፍል ዙሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ክፍል ስንት ሰው እንደሚውልበት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ምን ዕቃ እንደሚሠራበት፣ መስኮቱ ወደየት እንደሚያይ፣ ከላዩ ሌላ ፎቅ ይሁን ጣሪያ ጻፉ።

ተከራዩን «ይሞቃል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። «መቼ ነው የሚብስባችሁ?» በሉት። ምክንያቱ ያለው እዚህ መልስ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ከሆነና መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ፀሐይ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እኩል ከሆነ ዕቃዎቹ ናቸው። ስብሰባ ሲኖር ብቻ ከሆነ ሰው ነው። ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚበርድ ከሆነ ሕንጻው ቅዳሜና እሑድ ተዘግቶ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በር አጠገብ የተቀመጠችው ብቻ ከበረዳት ደግሞ ማሞቂያውን ተዉት፣ በሩን እዩት።

ቀጥሎ ለኩ

ሙቀትና እርጥበት አብሮ የሚያሳይ ትንሽ መለኪያ ገዝታችሁ ቅሬታ ያለበትም የሌለበትም ክፍል ውስጥ አድርጉ። ሰው ተቀምጦ በሚደርስበት ከፍታ ይሁን፣ ፀሐይ አያግኘው፣ የኤሲ ንፋስም በቀጥታ አይምታው። አንዱን ውጭ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ እያያችሁ ለሁለት ሳምንት መዝግቡ።

በምን ታወዳድሩታላችሁ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ብርድ ባለበት ወቅት የመኖሪያ ቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ባይወርድ ይመክራል፤ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናትና ሕመምተኞች ላሉበት ቤት ከዚያም ከፍ ማለት አለበት። ለማቀዝቀዝ ደግሞ ለአብዛኛው ቢሮ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃል። እርጥበቱ ከ60 በመቶ በላይ ብዙ ጊዜ ከቆየ ሻጋታ ይጠብቃችኋል።

በዚያው ቴርሞስታቱ፣ ሙቀቱን ለክቶ ማሽኑን የሚያበራውና የሚያጠፋው፣ የት እንደተሰቀለ እዩ። ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ ከሆነ የሚለካው ክፍሉን አይደለም። አንዱ ጥግ እየሞቀው ሌላው ጥግ የሚንቀጠቀጥበት ቢሮ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ይህን ነው፤ ክርክሩን ሁሉ የሚያሳጥረው እሱ ነውና።

ተቀምጦ የሚሠራ ሰው በግምት 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል። ስፖርት የሚሠራ ከዚያ ብዙ እጥፍ። ኤሌክትሪክ የሚበላ ዕቃ የበላውን ሁሉ መጨረሻ ላይ ሙቀት አድርጎ እዚያው ክፍል ውስጥ ይተወዋል። ተራ መስታወት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ በካሬ ሜትር 500 ዋት ያህል ሊያስገባ ይችላል።

አንድ ክፍል እንውሰድ። 12 ሰው፣ እያንዳንዱ ፊት ስክሪኑ ተደምሮ 100 ዋት ያህል የሚበላ ኮምፒውተር፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ 6 ካሬ ሜትር መስታወት። ሰው 1,200 ዋት፣ ኮምፒውተር 1,200 ዋት፣ ፀሐይ 3,000 ዋት። ድምር 5,400። ግድግዳው ላይ ያለው ኤሲ ባለ 12,000 ቢቲዩ ከሆነ ማውጣት የሚችለው 3,500 ዋት ገደማ ነው። ክፍሉ መጋዘን እያለ ሁለት ሰው ብቻ ስለነበረበት ይበቃው ነበር። አሁን ሳያርፍ ቢሠራም አይችለውም።

ቁጥሩን ደግማችሁ እዩት። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፀሐይ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ጥላ ብታደርጉና የፀሐዩ ድርሻ ወደ 1,000 ቢወርድ ጠቅላላው 3,400 ይሆናል። ጣሪያውንና ግድግዳውን ስላልቆጠርን አሁንም ጠበብ ይላል፣ ግን አዲስ ማሽን ከመግዛት ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ጥላው ከውጭ ይሁን። የውስጥ መጋረጃ ፀሐዩን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው፣ ሙቀቱ አንዴ ገብቷል።

ርካሹን አስቀድሙ

ፊልተሩን አውጡና እጠቡ ወይም ቀይሩ፣ የቆሸሸ ፊልተር ማሽኑን ያንቃል። ውጭ ያለው ማሽን ዙሪያው ክፍት መሆኑን እዩ፤ ካርቶን፣ ዕቃ ወይም ግንብ ከተጠጋበት የጣለውን ትኩስ አየር መልሶ ይስበዋል።

የበርና የመስኮት ክፍተት ለመፈተሽ ወረቀት መሐል አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለምንም መያዝ ሸርተት ብሎ ከወጣ አየር ያስገባል ማለት ነው። ጎማ ወይም ሲሊከን ይሠራለታል። ከጣሪያው ሥር ላለው ፎቅ ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር ማንጠፍ ለብርዱም ለሙቀቱም ይጠቅማል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክፍሉን ስትደፍኑ ውስጥ የሚነድ ነገር እንዳይኖር። ከሰልም ሆነ ጭስ ማውጫ የሌለው የጋዝ ማሞቂያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣል፤ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ውል ውስጥ አስገቡት፣ በቃልም ንገሯቸው።

ተከራይ የራሱን ሂተር ሲያመጣም ዝም አትበሉ። 2,000 ዋት ሂተር በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ከተሰኩ 18 ነው፤ መስመሩ ባለ 16 አምፔር ብሬከር ካለው ብሬከሩ ውሎ አድሮ ይወድቃል። መውደቁ ጥሩ ነው፣ ሥራው ነው። አደጋው የሚመጣው «በየጊዜው እየወደቀ አስቸገረን» ተብሎ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩ በትልቅ ሲተካ ነው። ያኔ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ኤክስቴንሽን ላይ ሂተር መሰካትም እንደዚሁ አይፈቀድ። ሂተር ያመጣ ተከራይ በርዶታልና ከመከልከላችሁ ጋር መፍትሔም ይዛችሁ ሂዱ።

ማሽን የግድ ከሆነ

ሒሳቡን ሠርታችሁ፣ ጥላውንና ክፍተቱን አስተካክላችሁ አሁንም ካልበቃ ግዙ። ግን «ትልቅ ይሁን፣ ለማንኛውም» አትበሉ። ከልኩ በላይ የሆነ ኤሲ ክፍሉን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም፣ ኮምፕረሰሩም ቶሎ ያልቃል። የሚውልበት ሰው ቁጥር ለሚለዋወጥ ክፍል እንደ ጭነቱ ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ኢንቨርተር ያለው ይሻላል። ማሞቅም ማቀዝቀዝም ለሚያስፈልገው ቦታ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትን ከውጭ ወደ ውስጥ ወይም ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያጓጉዝ ማሽን፣ እዩ፤ ውጭው በጣም ካልቀዘቀዘ አንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ወስዶ ወደ ሦስት ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል፣ ተራ ሂተር ግን የወሰደውን አንዱን ብቻ ነው የሚመልሰው።

የሚሞላበትን የጋዝ ዓይነት ከማሽኑ ጀርባ አንብቡ። አር-22 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ እየወጣ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው የዚሁ ስምምነት የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ እንደ አር-410ኤ ያሉትን ለመቀነስ ነው። ዛሬ የሚገዛ ማሽን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ስለሚያገለግል ወደፊት ጋዙ የሚገኝለትን ምረጡ። በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ማሽን ካላችሁ ደግሞ ቴክኒሻኑን «የት ነው የሚያፈሰው?» በሉት። ጋዝ ዑደት ውስጥ ነው የሚዞረው፣ በመሥራት አያልቅም። ከቀነሰ ሾልኳል።

ውሉንና ሰዓቱን አስተካክሉ

ፊልተር የሚያጥበው ማን ነው? ማሽን ሲበላሽ በስንት ቀን ይሠራል? ተከራዩ የሥራውን ዓይነት ሲቀይር አስቀድሞ ያሳውቃል ወይ? እነዚህ በጽሑፍ ይሁኑ። የመብራት ወጪውን በካሬ ሜትር ማካፈል ጫማ ሱቁን የጎረቤቱን ሰርቨር እንዲያቀዘቅዝ ማድረግ ነው፣ ስለዚህ ለየብቻ ቆጣሪ አስገቡ።

ትልቅ ሕንጻ ላይ መሐሉ ዓመቱን ሙሉ ማቀዝቀዝ ሲፈልግ ዳር ዳሩ በብርድ ወቅት ማሞቅ ይፈልጋል። አንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ ማሽኖች እንዳይታገሉ በማሞቅና በማቀዝቀዝ መሐል ጥቂት ዲግሪ ክፍተት ተዉ። ማንም በሌለበት ሰዓት ይቀነስ። ውኃ በረዶ በሚሆንበት አገር ግን ባዶ ክፍል ቢሆንም ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፣ ቧንቧ ይፈነዳል።

መሥራቱን አረጋግጡ

የወሩን ክፍያ ካምናው ጋር ማወዳደር ያሳስታል፣ ዘንድሮ የባሰ ሞቆ ሊሆን ይችላል። ይልቅ የየቀኑን የውጭ አማካይ ሙቀት ውሰዱና 18 ቀንሱበት። 25 ከነበረ 7 ነው። ከ18 በታች የሆነውን ቀን ዜሮ በሉት። የወሩን ደምሩና የተጠቀማችሁትን ኪሎዋት ሰዓት ለድምሩ አካፍሉ። ለማሞቂያ ወራት ደግሞ በተቃራኒው ከ18 ላይ አማካዩን ቀንሱ። የሚወጣው ቁጥር ካምናው ያነሰ ከሆነ ሂሳቡ ቢጨምርም ሥራችሁ ሠርቷል። ካልቀነሰ ወደ ክፍል ዙረቱ ተመለሱ፣ ተከራይ ሲቀየርም እንደዚሁ አዲሱ ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ያንን ክፍል እንደገና ቁጠሩት።